ብድር ኮሚቴ ለመግባት ላሰበች የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ከሸዋ ሮቢት የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ኮሚቴዎቹን እንደ አዲስ ሊያዋቅር ነው፤ አንቺም ብድር ኮሚቴ ውስጥ መግባት ፈልገሻል። «እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ሰውስ ምን ይለኛል?» ብለሽም ተጨንቀሻል። በመፈለግሽ አላፍርብሽም። ደግሞም መላውን የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ነጋዴ የምታውቂ፣ ሒሳብ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ብትገቢ ማኅበሩ አይጎዳም። እኔን ያሳሰበኝ በመልእክትሽ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግሽው ወሬ ነው። እሱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት በዋዛ አይደለም። ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ንጉሥም አያስታውሰውም። የእኛ አገር ሰው ግን ይህን እየተረተ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠቆም «ኧረ እኔ አልችልም፣ ለእገሌ ይሁን» ይላል። ይለመናል፤ አሁንም «ይቅርብኝ» ይላል። ደግሞ ሳይለመን የቀረ እንደሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋል። የድሮ ሰብሳቢ ይህን ስለሚያውቅ ቃሉን ትቶ ፊቱን ነበር የሚያነበው። የዛሬ ሰብሳቢ ሰዓት አለበት፤ «አልችልም» ካልሽው ስምሽን ሰርዞ ቀጣዩን ይጽፋል። ስለዚህ ሲጠቁሙሽ «እሺ፣ እሠራለሁ» በይ። እሺ ይበልጣል ከሺ። አንዳንድ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ ዓይን አውጣ ናት» ቢልሽ ይበል፤ እሱም በልጅነቱ ቢጠይቅ ኖሮ ዛሬ ሌላ ቦታ ነበር።

እንግዲህ ወደ አሳሰበኝ ነገር ልምጣ። ከሥራ አመራሩ አንዱ «አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ ዝም በይ፤ እኔ አስገባሻለሁ» ብሎሻል። አንቺም ደስ ብሎሻል። እኔ ደግሞ ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህ እኮ ደጅ መጥናት ነው። አንቺ የተወለድሽባት አሊዩ አምባ ደግሞ ይህን አሳምራ የምታውቅ አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ባሕር ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ሸክሙን የሚያራግፈው እዚህ ነበር። ከሐረርም ይመጣ ነበር። አርብ በሚቆመው ገበያ አሞሌ ጨውና ቡናው፣ ጨርቁና ከብቱ ይሸጣል፤ በአቅራቢያዋ ደግሞ የሰው ልጅ ሳይቀር ለገበያ ይቀርብ ነበር። ገበያው ከታች ነው፤ ንጉሡ ግን ከላይ፣ አንኮበር። ከታች ወደ ላይ ለመውጣት አቀበቱ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። የበረሃው መንገድ በር በይፋቱ ገዥ በወላስማ መሐመድ እጅ ነበር፤ ጎንቾ ላይ ተቀምጦ መጪውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ያን ሁሉ ጠመንጃና ስጦታ አስጭኖ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ ከወላስማው ጋር ነው የተነታረከው፤ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነበር። በዓመቱ የመጣው ጆንስተን የሚባል ሐኪም ደግሞ ንዳድ እየያዘው እዚሁ አሊዩ አምባ ለወራት ተቀምጧል። ሁለቱም ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል። ጠመንጃ ያለውም ባዶ እጁን የመጣውም ያው ነው፤ በር ላይ ሰው አለ፤ ለበሩም እጅ መንሻ አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ነበር። ደጅ የጠና ሰው ሲሾም ሁሉም ያውቃል፤ ሹመቱ የጌታው ነው፤ ጌታው ሲሻር እሱም አብሮ ይሻራል። የዛሬው የባሰ ነው እልሻለሁ። የዛሬው ደጅ ጥናት በስልክና በሻይ ቤት የሚያልቅ ስለሆነ አይታይም። ጉባኤው እጅ አውጥቶ የመረጠሽ ይመስላል፤ ቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ» ይላል። ውስጥ ውስጡን ግን ወንበሩ የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው መጥፎ ነው አላልኩም፤ አላውቀውም። ምናልባትም በቅንነት ነው። ግን በሦስተኛው ወር የወንድሙ የብድር ማመልከቻ ጠረጴዛሽ ላይ ይደርሳል። ዋሱ ጎደሎ ነው። ቁጠባው ካቆመ ሰንብቷል። ሰውየው ምንም አይልሽም፤ ደውሎ «እንዴት ነሽ፣ ደኅና ነሽ?» ብቻ ይልሻል። ያን ቀን ምን ልትመልሺለት ነው?

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ፈረንጅ አያውቀውም ይላሉ፤ ያውቀው አያውቀው አይገደኝም፣ እኛን ግን የብድር ኮሚቴ ሲያፈርስብን አይቻለሁ። ጠላት ያፈረሰው ማኅበር ትንሽ ነው። ብዙውን ያፈረሰው ወዳጅ ነው፣ «እምቢ ማለት ከበደኝ» እያለ።

ስለዚህ ፍላጎትሽን በቀን ተናገሪ። ለሰብሳቢው በቢሮው ንገሪው፤ ለአባላቱ ገበያ ላይ ንገሪያቸው፤ ለማይወዱሽ ሰዎችም ሳትደብቂ «ብድር ኮሚቴ ውስጥ ብሠራ እወዳለሁ፣ ምን ትላላችሁ?» በያቸው። የማይወዱሽ ሰዎች እውነቱን ይነግሩሻል፤ «አንቺ ግልፍተኛ ነሽ»፣ «የነጋዴ ወገን ነሽ፣ ገበሬ አይገባሽም» ይሉሻል። ይህን ጉባኤው ላይ ከምትሰሚው አሁን ብትሰሚው ይሻላል። በብዙ ሰው ፊት የተነገረ ፍላጎት የአንድ ሰው ውለታ ሊሆን አይችልም። ለዚያ ለሥራ አመራሩ ሰውም በአክብሮት «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ነገሩን ግን ለጉባኤው እንተወው» በይው።

ጥቆማውም ከዘመድ እንዳይመጣ። የአጎትሽ ልጆች እዚያ ማኅበር ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለፍቅር ብለው እጃቸውን ቀድመው ያወጣሉ። ተያቸው ዝም ይበሉ። ሸዋ ሮቢት ደገኛውም ቆለኛውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አማራውም አርጎባውም የሚገናኝበት ከተማ ነው። የእኛ ሰው የእኛን ሰው ቢጠቁም ማን ይደነቃል? ካንቺ ሰፈር ያልሆነ፣ ካንቺ መስጊድ ያልሰገደ ሰው ተነሥቶ «እሷን አውቃታለሁ፣ ሥራዋን አይቻለሁ» ካለ ግን ጉባኤው ዞር ብሎ ያይሻል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። በሥራ ነው የሚገኘው።

ስለ ሥራ ካነሣን አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከጨቦ በዘመቻ ተማርኮ የመጣ ልጅ ነበር። ወገን የለው፣ ርስት የለው። ምኒልክ ጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ግን የጦር ሚኒስትርነቱን ያገኘው እሱ ነው፤ ከዚያም በ1919 እስኪሞት ድረስ የአገሩ ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፍ ነበር። የታላላቅ መኳንንት ልጆች በሞሉበት ግቢ እንዴት እዚያ ደረሰ ያልሽ እንደሆነ፣ ከጀግንነቱ ይልቅ ሰው የሚያወራው ፍርዱን ነው። የተቆላለፈ ነገር ሲመጣ ወደ እሱ ይመራ ነበር፤ «አባ መላ» ያሉት ለዚያ ነው። ሌላው ሲሸሸው የኖረውን ጭቅጭቅ እሱ ይዞ ይጨርሰዋል። በኋላ ሹመቱ ሲመጣ እንዲያው የተሰጠ ስጦታ አልነበረም፤ ቀድሞ ይሠራው የነበረ ሥራ ስም ተሰጠው እንጂ።

አሁን የምነግርሽ አይጥምሽም። ፍላጎትሽን ተናገሪ ብልሽም፣ ብድር ኮሚቴውን ዘንድሮ ተይው፤ መጀመሪያ ቁጥጥር ኮሚቴ ገብተሽ ሥራሽን አሳዪ።

ቁጥጥር ኮሚቴ ማንም የማይሻማበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። አበሉ ያነሰ፣ ጠላቱ የበዛ፣ ሥራውም ደረሰኝ ማገላበጥ ነው። የሥራ አመራሩ ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን፣ የማኅበሩ ገንዘብና ንብረት በደንቡ መሠረት መዋሉን የሚከታተል እሱ ነው። በ1991 ከወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ጀምሮ ሥራ አመራሩ ሌላ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ እንዲሆን ተደርጓል፤ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካም ይህ አልተነካም። ያው አሮጌው አዋጅ የኮሚቴ ዘመን ሦስት ዓመት እንዲሆን፣ ማንም ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ደንግጎ ነበር። ሦስት ዓመት ረጅም ይመስልሻል። አንቺ ግን ከሠላሳ ዓመት በታች ነሽ።

ምን ታገኚበታለሽ? መዝገቡን። ማን በጊዜው ይከፍላል፣ ማን እያሾፈ ያዘገያል፣ የትኛው ዋስ ስሙ ብቻ ነው፣ የትኛው ብድር ለበሬ ተብሎ ለሠርግ ዋለ፤ ይህን ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ታውቂዋለሽ። ብድር ኮሚቴው ይህን ሳያውቅ ነው ብዙ ጊዜ የሚፈርመው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጉባኤ «ብድሩን ማን ያውቀዋል?» ሲባል ስምሽን የሚጠራው ሰው ብዙ ነው፤ ከማያውቁሽም ጭምር። አንድ ሰው ያስገባሽ ሳትሆኚ ማኅበሩ የፈለገሽ ትሆኛለሽ። በዚያ መንገድ የገባ ሰው የአንድ ሰው ወንድም ማመልከቻ ሲመጣ እንቅልፍ አያጣም።

«እነሱ ግን ሴት ስለሚያስፈልግ ነው የሚያስገቡኝ» ብለሽ ጽፈሻል። ልክ ነሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ስብሰባው ሲያልቅ አንዱ ብድግ ብሎ «ሴትም ትጨመር» ይላል፤ አንዷ ትጨመራለች፤ ከዚያ ሙዳይ ትይዛለች ወይም ሻይ ታቀርባለች። ይህ ያናድዳል፤ በሩን ግን አትዝጊው። ሴት ስለሆንሽ ቢያስገቡሽም ግቢ፣ ግን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «የእኔ ሥራ ምንድን ነው? በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» በይ። ቃለ ጉባኤውን ራስሽ ጻፊው እንኳ እልሻለሁ። ጸሐፊነትን ዝቅ አድርገው ያዩታል፤ ሞኞች ናቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ባለፈው ጉባኤ ምን እንደተወሰነ በእጁ ጽፎ የያዘ ሰው ቀስ በቀስ ሳይሾም የኮሚቴው አእምሮ ይሆናል፤ ሰብሳቢው ሳይቀር «ያን ጊዜ ምን ብለን ነበር?» እያለ ወደ እሱ ይዞራል።

ሰውን ለኮሚቴ የሚልኩ ሰዎችንም ልብ በይ። ሁልጊዜ የሚልኩት የሚወዱትን አይደለም። በሰኔ 1966 ከየጦር ክፍሉ ተወካይ ተመርጦ አዲስ አበባ ላይ አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ አባላቱ ወደ 120 የሚሆኑ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከሻለቃ በላይ ያለ መኮንን አልገባም። ከሐረሩ 3ኛ ክፍለ ጦር የተላከው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። አዛዡ ጄኔራል ነጋ ኃይለ ሥላሴ የላኩት ነገረኛነቱ ስላስቸገራቸው፣ ከዓይናቸው ዞር እንዲልላቸው ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልምልበትም፤ አገሪቱን ለ17 ዓመት የያዘው ደርግ ያ ኮሚቴ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ሥራ ፈት የሆነውን፣ ያስቸገረውን፣ «ይሂድልን» የተባለውን ሰው ለኮሚቴ የመላክ ልማድ በየቢሮውና በየቅሬው፣ ማለትም በየእድሩ፣ አሁንም አለ። እንደዚያ ከሚላኩት ጎን ትቀመጫለሽና ዓይንሽን ክፈቺ። አንቺንም እንደዚያ ብለው ልከውሽ እንዳይሆን ጠይቂ።

ከተመረጥሽ በኋላ ስለምትሰሚው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ደግሞ ልንገርሽ። ይህን ተረት የምሰማው ከሌባ አፍ ብቻ አይደለም፤ ደህና ከሚባል ሰው አፍ፣ በሳቅ መሐል፣ ምሳ ላይ ነው የምሰማው። ለዚህ ነው የምጠላው። ተሹሞ የበላ ሰው ምን እንደሚገጥመው ተረቱ አይናገርም። እኛ ግን በዓይናችን አይተናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ የሚሸፍን ነበር። ያን ጊዜ ኮሚቴ መሆን ክብር ነው። ጭሰኛ የነበረ ሰው ቁሞ መሬት ያካፍላል፣ የፍርድ ሸንጎ ይቀመጣል። እንዴት እንዳማረ! ብዙ ሳይቆይ ግን ከላይ ሌላ ሥራ መጣ። እህሉን ለመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ሰብስቡ ተባሉ። በ1975 ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና ልጆቹን መልምላችሁ አምጡ ተባሉ። የማን ልጅ ይሂድ፣ የማን ልጅ ይቅር የሚለውን የወሰነው ያው የአገሩ ልጅ ኮሚቴ ነው። በዚያ መሐል በጉቦ የበላ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ልጆች ያሸሸም አለ፤ ሁለቱንም ያደረገ አለ።

ከዚያ 1989 መጣ። በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተሰጣቸው። ለሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድለት ለእነሱ ጣሪያው አንድ ሄክታር ሆነ። የሽግሽጉ ኮሚቴ ማን በላ፣ ማን አልበላም ብሎ እየለየ አልቆረጠም። ስሙ መዝገብ ላይ ካለ ስሙ በቂ ነው። አንዱ ለሦስት ወር ሒሳብ ያዥ ሆኖ የነበረ፣ አንዱ አሥር ዓመት የነገሠ፣ እኩል «ቢሮክራሲ» ተባሉ። መለኪያ ገመዱን የያዘውም ሌላ ኮሚቴ ነበር፤ ያን ጊዜ የተመረጡትም እንደ ቀደሙት ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚህ «አትግቢ» የሚል ነገር እንዳታወጪ። «ካልበላሽ ምንም አይነካሽም» ብዬም አልዋሽሽም፤ ያልበላውም ተነክቷል። እኔ ከዚያ የያዝኩት ይህን ነው፤ ወንበር ስትቀመጪ ስምሽ በመዝገብ ይገባል፤ በኋላ መዝገቡን የሚያነበው ዛሬ የመረጠሽ ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከስምሽ ቀጥሎ ያደረግሽውም ይጻፍ። ያልተስማማሽበት ውሳኔ ላይ «በዚህ አልተስማማሁም» ብለሽ በልዩነት አስመዝግቢና ፈርሚ። በዚያ በ1989 ሽማግሌዎች ለጎረቤታቸው ለመመስከር ሲነሡ «ወረቀት አላችሁ?» ይባሉ ነበር። ወረቀት አልነበራቸውም።

ስለ ብድሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚዘለው። የማኅበራችሁ አባል ግማሹ ወለድ የማይነካ ሙስሊም ነው። አንዳንዱ ገንዘቡን ቆጥቦ ብድር አይጠይቅም፣ በዲኑ ምክንያት፤ ዝም ብሎ ነው የሚቀረው። እንደዚህ ያለው ሰው ቁጠባው ለሌላው ብድር ሲሆን እሱ ግን ከማኅበሩ ምን አገኘ? ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር ያላቸው ማኅበራት በአገራችን አሉ፤ ጠይቂ፣ ሄደሽ እይ፣ አሠራራቸውን ጻፊ። ወደፊት ብድር ኮሚቴ የምትገቢ ከሆነ ይህን ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። «ወለድ ለማይነኩ አባሎቻችን ይህን እናድርግ» ብሎ ጽፎ የሚመጣ ሰው ወንበር ሲለምን አይታይም። ወንበሩ ይፈልገዋል። የክርስቲያኑም ወገን ደስ ይለዋል፤ የማኅበሩ መስፋት ለሁሉም ነውና።

ዘመድን በተመለከተ አጭር ነው። ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያው ለማኝ እኔ ልሆን እችላለሁ፤ በሬዬ አርጅቷል። የእኔ ማመልከቻ በቀረበ ቀን ከክፍሉ ውጪ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «ዘመዷ ስለሆነ ወጥታለች» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጊ። ቢከለክሉኝ አልቀየምሽም። እናትሽ ብትቀየም እኔ እነግራታለሁ። የሌላው ዘመድም ማመልከቻ ሲመጣ ሰውየው እንዲወጣ ጠይቂ፤ እሱ ቢያኮርፍም ልማዱ ይያዛል። መጀመሪያ ላይ የተጀመረ ልማድ ይቀላል፤ መሐል ላይ ልጀምር ያልሽ እንደሆነ «በእኔ ጊዜ ነው እንዴ?» ይላሉ።

ካልተመረጥሽ ደግሞ ከማኅበሩ አትውጪ። ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል። ጉባኤው ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽን ለተመረጠው ሰው አውጪ፣ በማግሥቱም ቁጠባሽን እንደ ልማድሽ አስገቢ። ድምፅ አንድ አባል አንድ ነው፤ ብዙ ዕጣ ያለው ነጋዴም፣ በወር ትንሽ የምታስገባው ጉልት ቸርቻሪም እኩል አንድ እጅ ነው የሚያወጡት። ዘንድሮ ያላወቁሽ ቸርቻሪዎች ከርሞ ያውቁሽ ይሆናል፤ አብረሻቸው ካልቆየሽ ግን በምን ያውቁሻል? ዝም ብሎ ተሸንፎ የቆየ ሰው ላይ ሰው ቀስ ብሎ እምነት ይጥላል። ይህን በቅሬያችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሳይመረጥ ቀርቶ ድንኳን መትከሉን፣ ውሃ መቅዳቱን ያልተወ ሰው በሦስተኛው ዳኛ ሆኗል።

እንግዲህ ሌላ ምክር የለኝም። ደንቡን ግን ሳታነቢ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ። አንዳንዱ ማኅበር ብድር ኮሚቴውን ጠቅላላ ጉባኤው እንዲመርጥ ይላል፤ አንዳንዱ ሥራ አመራሩ እንዲሰይም ይላል፤ የእናንተ የቱን እንደሚል አልጻፍሽልኝም። ሥራ አመራሩ የሚሰይም ከሆነ ያ ሰው «አስገባሻለሁ» ያለሽ በእውነት በእጁ ስላለ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከጠበቅሁት የከበደ ነው። የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ከጸሐፊው ጠይቂና ይዘሽ ነይ፤ አባል ነሽና አይከለክሉሽም። ለሰውየው ግን እስከዚያ አትቆዪ። ዛሬ ማታ ደውዪለትና ስምሽን እሱ እንዳይጠቅሰው ንገሪው።